ርብቃ ያልተረጎመችው

ናይሮቢ፣ ሁርሊንግሃም ውስጥ፣ ከሐበሻ ምግብ ቤቶቹ ጀርባ ባለች ጠባብ ሱቅ ጋሽ ዘርይሁን የሚባሉ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ከሆሳዕና ተሰደው ኬንያ የገቡት ፀጉራቸው መሸበት ከጀመረ በኋላ ስለነበር አገሩን ለመዱት እንጂ ቋንቋውን አልለመዱትም። ስዋሂሊያቸው ቲማቲም ከመግዛትና ማታቱ የሚባለውን ታክሲ ከመሳፈር አያልፍም፤ እንግሊዝኛማ ጭራሽ አልሞከሩትም። ግን ምን ቸገራቸው! ርብቃ ነበረቻቸው። አንድያ ልጃቸው ርብቃ በሕፃንነቷ መጥታ ናይሮቢ ያደገች፣ ዌስትላንድስ ካለ ትልቅ ቢሮ የምትሠራ፣ ሁለቱንም ቋንቋ የምታንበለብል ልጅ ነበረች። የስደተኛ ወረቀት ሲታደስ ርብቃ፣ የቤት አከራዩ ሲመጣ ርብቃ፣ ሐኪም ቤት ሲኬድ ርብቃ... ባለቤታቸው እትዬ ፋንቱ "የዚህ ቤት አፍ እሷ ናት" ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ታዲያ ያ አፍ አንድ ቀን እንደሚዋሽ ማን አሰበ?

ጋሽ ዘርይሁን የፕሮስቴት ካንሰር እንዳለባቸው በአማርኛ የነገረቻቸውም ርብቃ ናት፤ እያለቀሰች። ተይዞ የነበረው ሠርጓ ተራዘመ። እሳቸው ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ዕጢውም ወጣ። ከዚያ በኋላ ዶክተሩ "በየጊዜው ደም እየሰጡ ፒ ኤስ ኤ የሚባለውን ምርመራ ያደርጋሉ" አላቸው። "ቁጥሩ ከዜሮ ካልራቀ ደስ ይበላችሁ። መጨመር ከጀመረ ግን በሽታው ተመልሶ እየተሰራጨ ሊሆን ስለሚችል ቶሎ እንድንደርስበት ትመጣላችሁ።" ርብቃ አንድም ቃል ሳታስቀር ተረጎመችው። አቤት የዚያን ጊዜ ፍቅራቸው! ደም ሲሰጡ መርፌውን እንዳያዩ ፊታቸውን ወደሷ ታዞረው ነበር። ውጤቱ ስልኳ ላይ ሲገባላት ከቢሮዋ ደውላ "አባዬ፣ ሪዛልቱ መጣ፤ ክሊን ነው!" ትላቸዋለች። እሳቸውም እሑድ ይጠብቁና በቤተ ክርስቲያን የምስክርነት ሰዓት ተነሥተው "ደሜ ተመርምሮ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ! ጌታ አድሶኛል!" ይላሉ። ጉባኤው በእልልታ ይናወጣል።

የተራዘመው ሠርግ እንደገና ሲቃረብ ለሌላ ምርመራ ሄዱ። ዶክተሩ ውጤቱን አየ። ከዚያም ቀስ ብሎ ለርብቃ በእንግሊዝኛ ነገራት። ቁጥሩ ጨምሯል፤ ስካን መነሣትና ሕክምና መጀመር አለባቸው፤ ባይቆዩ ይሻላል። ጋሽ ዘርይሁን እንደ ልማዳቸው የልጃቸውን አፍ አፍ ያያሉ። ርብቃ በዚያች ቅጽበት ምን ታያት? የታደለው የጥሪ ወረቀት? ከሆሳዕና ሊመጡ ትኬት የቆረጡት ዘመዶች? ወይስ "አሁንም ይራዘማል እንዴ?" ብለው ፊታቸውን የሚያጠቁሩት የእጮኛዋ የሕዝቅያስ ቤተሰቦች? ወደ አባቷ ዞረችና ፈገግ አለች።

"ክሊን ነው አባዬ። ከእንግዲህ እዚህ ድረስ መምጣት አያስፈልግም፤ ደሙን እዚያው ሰፈራችን ላቦራቶሪ ስጡ አለ።"

ለዶክተሩ ደግሞ "አባቴ ከሠርጉ በኋላ ይሁን ይላል" አለችው። ዶክተሩ ጠንከር አድርጎ አስጠነቀቃት፤ እሷም "እሺ" አለች። ለነገሩ ከሠርጉ ማግስት ልትነግራቸው አስባ ነበር። አስባ ነበር!

ጋሽ ዘርይሁን የልጃቸውን ቬሎ በእጃቸው ሰፉት። ወገባቸውን ሲወጋቸው "ይሄ የስፌት መኪና ላይ ማጎንበስ ጨረሰኝ" እያሉ ይስቃሉ። ሠርጉ አማረ፤ አባት ከሁሉም በላይ ደመቁ። በማግስቱ ርብቃ አፏ አልከፈት አላት። በሳምንቱም እንደዚያው። የሚቀጥለው ምርመራ ውጤት ስልኳ ላይ ሲመጣ ቁጥሩ ብሶበት አየች፤ ጨነቃትና ለእናቷ ተናገረች። እትዬ ፋንቱ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። አልቅሰው አልቅሰው ግን "ተይው ልጄ" አሉ፤ "አሁን ደስ ብሎት እየኖረ ነው። ከነገርነው በድንጋጤ ይሞትብናል። እኛ እንጸልይ፤ ጌታ ያውቃል።" እናትና ልጅ በፍቅር ስም ተማማሉ። የፈረዱባቸው አባት ግን አሁንም "ክሊን ነው" ስለተባሉ እሑድ ሲደርስ እንደገና መድረክ ላይ ወጥተው "ንጹሕ ነኝ!" ብለው መሰከሩ። ፊት ለፊታቸው ሚስታቸውና ልጃቸው ቆመው አጨበጨቡ። ወይ ጉድ! እነዚያ እጆች እንዴት አልከበዷቸውም?

ርብቃ ፀነሰች። ደም ግፊቷ ከፍ ስላለ ከአልጋ እንዳትነሣ ታዝዛ እናቷ ቤት ተኛች። የጋሽ ዘርይሁን ወገብ በዚያው ሰሞን አላስቀምጥ አላስተኛ አላቸው። ኢምባካሲ ኤርፖርት አካባቢ ካርጎ የሚሠራው የቤተ ክርስቲያን ጓደኛቸው ተካልኝ ሱቅ ሲመጣ ግድግዳ ይዘው ሲራመዱ አያቸውና አዘነ። "ልጅቷን አናስቸግራት" ብሎ፣ ማንንም ሳያማክር፣ ወደ ቀድሞው ዶክተር ይዟቸው ሄደ። ደም ሰጡ፤ ስካን ተነሡ። ውጤቱ ሲደርስ ተካልኝ በስዋሂሊ እየሰማ ይተረጉም ጀመር።

"ጋሼ... ቁጥሩ በጣም ጨምሯል ይላል። አጥንትዎ ውስጥ ገብቷል። የወገብዎ ሕመም እሱ ነው።"

"ባለፈው ንጹሕ ነበር እኮ! በዚህች ጊዜ ውስጥ ነው እንዲህ የሆነው? ጠይቀው እስቲ።"

ተካልኝ ጠየቀ። መልሱን ሲሰማ ፊቱ ተለዋወጠ።

"ምን አለህ?"

"እኔ እንጃ ጋሼ... በደንብ አልሰማሁት ይሆናል።"

"ተካልኝ! ያለህን ንገረኝ!"

"ከሠርጉ በፊት ጀምሮ እየጨመረ ነበር ይላል። ያኔውኑ ሕክምና እንዲጀምሩ ነግሬያቸው ነበር፤ ልጅቷ 'አባቴ ከሠርጉ በኋላ ይሁን ብሏል' አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጡም፣ ይላል።"

ጋሽ ዘርይሁን እንደ መሳቅ አሉ። "ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶበት ነው። የእኔ ልጅ ርብቃ ትባላለች በለው።"

መተርጎም አላስፈለገም። ዶክተሩ ስሙን ሲሰማ ራሱን እየነቀነቀ "ዬስ... ርብቃ" አለ። ያኔ ቢጀመር ይደረስበት ነበር ወይ ተብሎ ሲጠየቅ "በእርግጠኝነት መናገር አልችልም፤ ዕድሉ ግን ይሻል ነበር" ብሎ መለሰ። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ወጡ። በር ላይ ያለችው ነርስ "ፖሌ ሳና ምዜ"፣ አይዞዎት አባት፣ ስትላቸው ብቻ ቀና ብለው አዩአት። አንድ የማያውቁት ሰው አዘነላቸው። የገዛ ልጃቸውስ?

ቤት ሲደርሱ ርብቃ አልጋዋ ላይ ናት፤ እትዬ ፋንቱ እግሯን ያሻሻሉ። ጋሽ ዘርይሁን በሩ ላይ ቆመው "ከዶክተሩ ዘንድ መጣሁ። ተካልኝ ተረጎመልኝ" አሉ። ርብቃ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። እሳቸው ግን እያዩ የነበሩት ሚስታቸውን ነው። እትዬ ፋንቱ አልደነገጡም፤ "ምን አለህ?" ብለው አልጠየቁም። ያ ዝምታ ከሁሉ በላይ ገደላቸው።

"አንቺም?" አሉ። "ፋንቱ፣ አንቺም?"

"ልባችን አልችል ብሎ ነው..." እትዬ ፋንቱ እግራቸው ላይ ወደቁ።

"አባዬ፣ ልነግርህ ነበር! ማርያምን... በጌታ ስም... ልነግርህ ነበር!" ርብቃ የምትጠራው ስም ጠፋት።

"እኔን ያቃጠለኝ መሞቴ አይደለም" አሉ ጋሽ ዘርይሁን፣ ድምፃቸውን እንኳ ከፍ ሳያደርጉ። "ሰው ነኝ፣ እሞታለሁ። ግን መድረክ ላይ ወጥቼ በእግዚአብሔር ስም ስመሰክር እያያችሁኝ አጨበጨባችሁ። ለገዛ ጌታዬ አስዋሻችሁኝ! እስቲ ንገሩኝ፣ ይሄን ምን ብዬ ይቅር ልበላችሁ?"

በሚቀጥለው እሑድ በክራንች ተደግፈው መድረክ ላይ ወጡ። ሰው ለእልልታ ተዘጋጅቶ ጠበቃቸው። "ወገኖቼ፣ ንጹሕ ነኝ ያልኳችሁ ሁሉ እውነት አልነበረም። ሳላውቅ ነው የዋሸሁት። ይቅር በሉኝ" አሉ። የማንንም ስም አልጠሩም። ነገር ግን ሐኪም ቤት ማን ይወስዳቸው እንደነበር የማያውቅ ማን አለ? አንገት ሁሉ ወደ ሕዝቅያስ ዞረ። ሕዝቅያስም የሠርጉ ዕለት አማቱ ወገባቸውን ይዘው ሲስቁ ትዝ አለው። አማቾቹ ቤት ሲገባ ሚስቱን "ታውቂ ነበር?" ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጥሏት አልሄደም፤ ወደ ራሳቸው ቤት ወሰዳት። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ "ደህና ነኝ" ስትለው ትክ ብሎ ያያታል። የተማመኑበት ዓይን አንዴ ከሄደ መቼ ይመለሳል?

ርብቃ ሴት ልጅ ወለደች። ጋሽ ዘርይሁን "እንኳን ማርያም... እንኳን ጌታ ማረሽ" የሚል መልእክት በሰው ላኩ እንጂ ሊያዩአት አልሄዱም። እትዬ ፋንቱን ይቅር አሉ። አብረው ያረጁ ናቸውና፣ አንድ ቀን ሾርባ ሲያጎርሷቸው "በቃ ተይው፣ ይቅር" አሏቸው። ልጃቸውን ግን አቃታቸው። ሕክምናው በመርፌ ተጀምሮ ለጥቂት ወራት ሕመሙ ጋብ አለ፤ የደሙም ቁጥር ወረደ። ከዚያ እንደገና አሻቀበ። እግራቸው አልታዘዝ ብሎ ዊልቸር ላይ ተቀመጡ። ለምርመራ በሄዱ ቁጥር ተካልኝ ይተረጉማል፤ ርብቃ ልጇን አቅፋ ኮሪደር ላይ ትቆማለች። ግቢ የሚላት የለም፤ ሂጂም የሚላት የለም።

አንድ ቀን ግን ተካልኝ ዊልቸሩን ወደ ዶክተሩ ክፍል ሲገፋ ጋሽ ዘርይሁን መንኮራኩሩን በእጃቸው ያዙት። "አንተ ሕፃኗን ያዝልን" አሉት። "ዛሬ እሷ ትተርጉምልኝ።"

ርብቃ ሕፃኗን ለተካልኝ ሰጥታ ዊልቸሩን ገፋች። ዶክተሩ ተናገረ። አባቷ እንደ ድሮው አፏን አፏን ያያሉ።

"አባዬ... ቁጥሩ በጣም ብሷል። መድኃኒቱ መሥራት አቁሟል። ከእንግዲህ ሕመሙን ማስታገስ ብቻ ነው አለ።"

"ጨርሺው።"

"ጊዜው ቀርቧል አለ። አባዬ... ትሞታለህ አለኝ!"

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ እሪ ብላ አለቀሰች። ጋሽ ዘርይሁን ዶክተሩን በዚያች በተሰባበረች ስዋሂሊያቸው "አሳንቴ" ብለው አመሰገኑት። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"ይኼኛውን አመንኩሽ" አሉ።

ርብቃ ቀጣዩን ቃል ጠበቀች። ይቅር ብዬሻለሁ የሚለውን። አልመጣም። ወደ ቤት ሲመለሱ የንጎንግ መንገድ ተዘጋግቶ ታክሲው ለረጅም ጊዜ ቆመ፤ ጋሽ ዘርይሁን ራሳቸውን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርገው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እስኪደርሱ ድረስ አልተነቃነቀችም። ጥቂት ቀናት ቆይተው፣ አንድ ጠዋት እትዬ ፋንቱ ፊታቸውን ሊያጥቧቸው ሲሉ፣ ሳይናገሩ አረፉ።

ያ ትከሻዋ ላይ የተጣለው ራስ ይቅርታ ነበር? ወይስ የደከመው በሽተኛ ያገኘው መደገፊያ ብቻ? ርብቃ ዛሬም አታውቅም፤ የሚነግራትም የለም። ሞትስ የሁላችን ዕጣ ነው፤ ቀኑ ሲደርስ የሚያስቀረው ደም ምርመራም ሆነ ጸሎት የለም። ግን የሰው ልጅ ሞቱን አውቆ ሊዘጋጅበት፣ ከአምላኩ ጋር በእውነት ሊነጋገርበት የተሰጠውን ጊዜ የገዛ ወገኑ ሲወስድበት... ያንን ዕጣ ፈንታ ብለን እንለፈው? እንዴትስ ብለን!