ሲሚንቶ ያልነካው ስለት

«ይህን ካልሲ የጣፈው ማን ነው?»

መርማሪዋ የጠየቀቻት ሴት የብሔራዊ የበረዶ ሆኪ ቡድኑ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሴትየዋ ካልሲውን አየችው። ወፍራም ግራጫ ሱፍ ነው፤ ተረከዙ ላይ በጥቁር ክር ተጥፏል። ስፌቱ የራሷ እጅ ነው። ካልሲው የልጇ ነው። ሐኪሙ ያወለቀው ግን ደረጃው ሥር ከተገኘው ሬሳ እግር ላይ ነው።

«አላውቅም» ማለት እንኳ አቃታት።

መርማሪዋ አልጨቀጨቀቻትም። ካልሲውን ወረቀት ከረጢት ውስጥ ከተተችና «እሺ፣ ቆይተን እንነጋገራለን» ብላ ወደ ደረጃው ተመለሰች።

ሟቹ የቡድኑ ዋና በረኛ ነበር። ተወልዶ ያደገው ባሕር ማዶ ነው፤ አባቱ ግን የዚህ አገር ሰው በመሆኑ ለመጪው ዓለም አቀፍ ውድድር ለብሔራዊ ቡድኑ ተጠርቶ መጣ። አሁን በሲሚንቶው ደረጃ ግርጌ በጀርባው ተዘርግቷል፤ ማጅራቱ ተሰብሯል። ሲያገኙት ከሥሩ የብረት ስለት ያለውን የበረዶ ጫማውን አጥልቆ፣ ገመዱም ጥብቅ ብሎ ታስሮ ነበር። ከደረጃው በላይ የቡድን መሪው ቢሮ አለ። ከደረጃው በታች መልበሻ ክፍሉና የበረዶ ሜዳው አሉ። ዘበኛው እንዳለው፣ ጠዋት ወደ አዳራሹ የገቡት ከሟቹ ሌላ አምስት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ አምበሉ፣ አጥቂው፣ ተጠባባቂው በረኛ፣ እናቱ ልብስ ሰፊዋ፣ እና ቡድን መሪው።

ሬሳውን ያገኘው አምበሉ ነው። ግድግዳውን ተደግፎ፣ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ይጠብቃል።

«አንቺ ነሽ የምትመረምሪው?» አላት።

መርማሪዋ በዕድሜ የእናቱ ታናሽ ብትሆን ነው። «አንቺ» መባሏን ልብ አለች፤ ግን አላረመችውም። የተቆጣ ሰው ብዙ ይናገራል።

«እኔ ነኝ። ምን ሆኖ ይመስልሃል?»

«ምን ይሆናል? በስለት ደረጃ መውረድ አንገት መስበር ነው። ለሁላችንም ተነግሮናል። ባለ አያቶቹ ግን ማንን ይሰማሉ?»

«እነማን ናቸው ባለ አያቶች?»

«አያቴ እዚህ ተወልዳለች፣ አባቴ ከዚህ ሄዷል እያሉ ማሊያችንን የሚለብሱት። እኛ በረዶ ሳናይ አስፋልት ላይ በባለ ጎማ መንሸራተቻ ጫማ ተምረን፣ ጉልበታችን ተልጦ ነው ይህን ቡድን ያቆምነው። እነሱ በአውሮፕላን መጥተው ቦታችን ላይ ተቀመጡ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።»

«እነሱስ እናንተን ምን ይሏችኋል?»

አምበሉ ከንፈሩን ነከሰ። «ጎማዎች።»

መርማሪዋ ሐኪሙ ካወለቃቸው ጫማዎች አንዱን አንስታ ገለበጠችው። «ይህ ስለት ሲሚንቶ ቢረግጥ ምን ይሆናል?»

«ይበላሻል። አንድ እርምጃ ይበቃዋል፤ ጥርስ ያወጣል። ለዚህ ነው ከበረዶው ስንወጣ መሸፈኛ የምናለብሰው።»

በአውራ ጣቷ ጥፍር የስለቱን ጠርዝ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስኬደችው። ጥፍሯ የትም አልተያዘም። ሌላኛውንም እንዲሁ አደረገች። መሸፈኛ ግን በሬሳው አጠገብ አልነበረም።

«ሟቹን ምን ብላችሁ ነበር የምትጠሩት?»

«ባዶ እግሩ። ካልሲ የሚባል ነገር አያውቅም። በረዶውን በእግሬ ካልሰማሁት አልጫወትም ይላል። በነጠላ ጫማ ይመጣል፣ በባዶ እግሩ የበረዶ ጫማውን ያጠልቃል። ሲያወልቀው ሽታው እኛን ከክፍሉ ያስወጣን ነበር።»

«ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ?»

«መልበሻ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ካልሆነ በቀር አፍንጫ ያለው ሁሉ ያውቃል።»

ቡድን መሪው ቢሮ ውስጥ አዲስ ቀይ ምንጣፍ ግድግዳ ከግድግዳ ተነጥፏል። ሰውየው ዐይኑ ቀልቷል፤ ሲናገር ግን ድምፁ አልተንቀጠቀጠም።

«የወንድሜ ልጅ ነው፣ ኢንስፔክተር። በእጄ ነው ያመጣሁት። አሁን ለአባቱ ምን ብዬ ልደውል?»

«ዛሬ ጠዋት አግኝተውት ነበር?»

«አላየሁትም። ስልክ ላይ ነበርኩ፤ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

«ልጆቹ ጋ መልበሻ ክፍል ይወርዳሉ?»

«እኔ ከላብ ጋር ምን አለኝ? የእኔ ሥራ ሰው ፈልጎ ማምጣት ነው። አጥቂያችንን አይተውታል? ግቡን ሁሉ የሚያገባልን እሱ ነው። እሱ ደግሞ የእህቴ ልጅ ነው። ይህን ቡድን ከራሴ ደም ነው የሠራሁት።»

«ምንጣፍዎ ያምራል።»

«ትናንት ማታ ነው የተነጠፈው። ብቻ ይረግፋል» አለና ከሱሪው ጉልበት ላይ ቀይ ብናኝ ለቀም አደረገ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሰው መክሰስ አልወድም። ግን ተጠባባቂው በረኛ ቦታውን ከተቀማ ወዲህ ፊቱ ፊት አይደለም። ትናንት አንገት ለአንገት ተናንቀዋል። የልጁን እናት ቢጠይቋት ጥሩ ነው።»

መርማሪዋ አመስግናው ወጣች። ስለ ካልሲው ከልብስ ሰፊዋ በቀር ለማንም አልተናገረችም ነበር።

መልበሻ ክፍሉ ዝቅ ያለ ጣሪያ ያለው ረዥም ክፍል ነው። በግድግዳው ላይ የሞቀ ውኃ ቧንቧ ያልፋል፤ ተጫዋቾቹ ጓንትና ካልሲ የሚያደርቁት እሱ ላይ ነው። ሁለቱ በረኞች ጥጉን ይጋራሉ። የሟቹ መቀመጫ ሥር ነጠላ ጫማው እንደ ሱቅ ዕቃ ጎን ለጎን ተደርድሯል። ገልብጣ አየችው። እርጥብ ከነበረው ሶሉ ላይ ቀይ ብናኝ ተጣብቆ ደርቋል።

ተጠባባቂው በረኛ ቀና ብሎ አላያትም።

«ካልሲህ የት ነው?»

«ቧንቧው ላይ።» እጁን ዘረጋና መለሰው። «እዚህ ነበር።»

«ትናንት ተጣልታችሁ ነበር።»

«ተጣልተናል። አልክድም። ቁጥር አንድ የእኔ ነበር። እናቴ በገዛ እጇ ቁጥሩን ከማሊያዬ ፈትታ ለእሱ ሰፋችለት፤ ሥራዋ ነው፣ ምን ታድርግ። እሱ ግን መስታወት ፊት ቆሞ "እናትህ እጇ ወርቅ ነው፣ እንደ ልጇ ነው የለካችኝ" አለኝ። ያኔ አንቄዋለሁ።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ በረዶው ላይ ብቻዬን ነበርኩ። ማን አየህ ካሉኝ፣ ማንም አላየኝም።»

እናትየው በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። መለኪያ ሜትሯን እጇ ላይ ጠቅልላ ትፈታዋለች፣ ፈትታ ትጠቀልለዋለች። ትናንት ልጇ ቤት ገብቶ ምግቡን ሳይነካ መተኛቱን ታስባለች። ሌላ ምንም ማሰብ አልቻለችም።

መርማሪዋ ወደ ኮሪደሩ ወጥታ ለሟቹ አባት ደወለች። ባሕር ማዶ ያለው ሰውዬ መርዶውን ከፖሊስ ሰምቷል፤ ድምፁ ደርቋል።

«እግዜር ያጥናዎት። እህትዎስ ሰሙ?»

«የምን እህት?»

«የአጥቂው እናት።»

«እመቤቴ፣ እናታችን የወለደችው እኔንና ወንድሜን ነው። አባታችንም ከእናታችን ሌላ አያውቅም። እህት የለንም።»

ከሰዓት በኋላ አምስቱንም መልበሻ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ቡድን መሪው መጨረሻ ገባ፤ በየት በኩል እንደሚቀመጥ ስላላወቀ መሐረቡን አፍንጫው ላይ ይዞ ቆመ። አጥቂው ከሁሉም ራቅ ብሎ ተቀምጧል። መርማሪዋ ካልሲውን አግዳሚው ላይ ስታስቀምጥ ልብስ ሰፊዋ ከሁሉ ቀድማ ተነሳች።

«እኔ ነኝ የገፋሁት» አለች። «ልጄን ተዉት። ካልሲውን የጣፍኩትም እኔ፣ የገፋሁትም እኔ።»

ልጇ ቀስ ብሎ ዞረ። «እማ፣ እኔ ነኝ ብለሽ አሰብሽ?»

እናትየው መለኪያ ሜትሯን እጇ ላይ አጥብቃ ጠቀለለችው።

«ይቀመጡ» አለቻት መርማሪዋ። «እናት የገዛ ልጇን ካልሲ አውቃ በሬሳ እግር ላይ አታጠልቅም። እርስዎ አልገደሉም። ማን እንደገደለ እነግራችኋለሁ። ሳልጨርስ ማንም አይናገር።»

አምበሉ እጁን ደረቱ ላይ አጣምሮ ግድግዳውን ተደገፈ።

«ሟቹ ደረጃው ላይ የበረዶ ጫማ አድርጎ አልወደቀም። በስለቱ ሲሚንቶ ቢረግጥ ኖሮ ጠርዙ ጥርስ ያወጣ ነበር። እንደ አዲስ ምላጭ ልሙጥ ነው፤ መሸፈኛም የለውም። ስለዚህ ጫማውን ያጠለቀለት ሰው አለ፤ ያጠለቀለትም ከሞተ በኋላ ነው። ለምን? አንድ ጎበዝ ስፖርተኛ በነጠላ ጫማ ቢወድቅ፣ ከየት ነው የወረደው፣ ማን ጋ ነበር ተብሎ ይጠየቃል። በበረዶ ጫማ ቢወድቅ ግን ከሜዳ መጥቶ በስለት ደረጃ ረገጠ፣ አዳለጠው ይባላል፤ ነገሩም ያልቃል። አምበሉም ወዲያው ያለው ይህንኑ ነው።»

ካልሲውን በጣቷ ነካችው።

«ገዳዩ ጫማውን ሊያመጣ እዚህ ክፍል ገባ። ጫማውን ስሙ ከተጻፈበት ቦታ አገኘው። ከላዩ ቧንቧው ላይ ካልሲ ተሰቅሏል። የሟቹ መሰለው፤ አነሳው፣ አጠለቀለት፣ ገመዱን አሰረ፤ ያወለቀውን ነጠላ ጫማም መልሶ እዚህ ደረደረው። ይህ ካልሲ ባይኖር ተጠባባቂውን በረኛ አስሬ እሄድ ነበር። ካልሲው ግን ነፃ አወጣው። ባዶ እግሩ ካልሲ እንደማያደርግ ከጎኑ ለብሶ የሚያወልቀው ልጅ ያውቃል። አምበሉም፣ አጥቂውም ያውቃሉ፤ ሲስቁበት ኖረዋል። ሬሳው ላይ ካልሲ ፈልጎ የሚያጠልቀው፣ በረዶ ያለ ካልሲ አይገባም ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። ከዛሬ በፊት እዚህ ክፍል ገብቶ የማያውቅ ሰው።»

ሁሉም ወደ ባለ መሐረቡ ሰውዬ ዞሩ።

«ይህ ግምት ነው» አለ ቡድን መሪው። «አጋጣሚ ነው።»

«ይሁን። ነጠላ ጫማው ግን እርጥብ ሆኖ ቀይ ብናኝ ለቅሟል። ምንጣፉ የተነጠፈው ትናንት ማታ ነው፤ በዚህ አዳራሽ ሌላ ምንጣፍ የለም። ልጁ ዛሬ ጠዋት ቢሮዎ ገብቷል። እርስዎ አላየሁትም አሉ።» ወደ አጥቂው ዞረች። «አንተን አንድ ነገር ልጠይቅህ። አያትህ ማን ትባላለች?»

አጥቂው እጁን አየ። በተሰባበረ አማርኛ፣ ቃል እየመረጠ መለሰ። «እዚህ አያት የለኝም። እናቴም፣ አባቴም የዚህ አገር አይደሉም። እሱ አንድ ጨዋታ ላይ አየኝ። "አጎቴ በለኝ፣ ሌላውን ለእኔ ተወው" አለኝ። እኔም መጫወት ፈልጌ እሺ አልኩ።»

«ሟቹ ያውቅ ነበር?»

«ትናንት ጠየቀኝ። "አባቴ እህት የለውም፣ አንተ የማን ልጅ ነህ?" አለኝ። ነገ ለአጎቴ እነግረዋለሁ፤ እሱ ካላስተካከለው ለውድድሩ ዳኞች እናገራለሁ አለ። ሐሰት ይዤ በር አልጠብቅም አለ።»

«ዘሩ ከዚህ ያልሆነ ተጫዋች የተገኘበት ቡድን ከውድድር ይሰረዛል» አለች መርማሪዋ። «ዛሬ ጠዋት ልጁ ቢሮ ወጣ፣ ተነጋገራችሁ፣ ሲወጣ ከደረጃው አናት ገፉት። እሱ ከሞተ በኋላም ጥርጣሬውን ወደ ተጠባባቂው በረኛ አዞሩት። እናቱን ጠይቁ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ያኔ ስለ ካልሲው ስፌት የምናውቀው እኔና እሷ ብቻ ነበርን፤ እርስዎ ግን ጫማውን ሲያጠልቁ የተጣፈውን ተረከዝ አይተዋል፤ በቡድኑ ውስጥ የምትጥፈው እሷ መሆኗንም ያውቃሉ።»

ቡድን መሪው መሐረቡን ከአፍንጫው አወረደው።

«ይህን ቡድን ማን ሠራው?» አለ። «እነዚህ ጎማዎች? ዓለም ሁሉ ይስቅባቸው ነበር። እኔ አገር ለአገር ዞሬ ለቅሜ ሰው አደረግኳቸው። አንድ ልጅ፣ ለዚያውም የገዛ ወንድሜ ልጅ፣ በአንድ ቃል ሊያፈርሰው ተነሳ። ልይዘው ነበር እጄን የዘረጋሁት።»

«ልትይዘው ከነበረ ሐኪም ትጠራ ነበር» አለ አምበሉ። «አንተ ጫማ ነው የፈለግክለት።»

ፖሊሶቹ ሰውየውን ይዘው ሲወጡ አምበሉ ወደ አጥቂው ዞረ። «አንተ ደግሞ ባለ አያት እንኳ አይደለህም።»

«አይደለሁም» አለ አጥቂው።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ልጇ ጠጋ አለችና ትከሻውን ልትነካ እጇን ዘረጋች። ልጁ ቦርሳውን አንስቶ በሌላኛው በር ወጣ። መርማሪዋ ይህን አየች፤ የእሷ ሥራ ግን እዚያ ላይ አልቋል።

ቡድኑ ከውድድሩ ተሰረዘ። ባለ አያቶቹ ሳምንቱ ሳያልቅ ተሳፍረው ሄዱ። አገሬ አገሬ ሲል የነበረው አምበል የባሕር ማዶ ክለብ ሲጠራው አላመነታም፤ እሱም ሄደ። በዚህ አገር አንድ ዘመድ የሌለው አጥቂ ግን ቀረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን በረዶ ላይ መቆም ያስተምራል። ተጠባባቂው በረኛ ልብሱን ከእናቱ ቤት ሰብስቦ ሌላ ከተማ ሄደ። እናቱ ቀረች።