በሳሙና የታጠቡት ብልቃጦች

በላቦራቶሪው ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ «እሾህ» ነበር የሚሏት። ያለ ነገር አይደለም። አጥፍቶ ፊቷ የቆመ ሰው ሳይወጋ አይመለስም። ሥራዋ ወደ ወንዝ የሚለቀቅ ነገር ወንዙን ይግደል አይግደል መመርመር ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ላይ ለስላሳ ሰው ተቀምጦ ምን ሊረባ?

እሱንም ያወቀችው በቁጣ ነው። ከወንዙ ዳር ያለው የሳሙና ፋብሪካ ባለቤት ልጅ፣ ቀማሚውም እሱው ነበር። ፈሳሽ ሳሙናቸው ውስጥ የሚገባውን አረፋ የሚያበዛ ኬሚካል ለምርመራ ሊያስረክብ ጄሪካን ተሸክሞ መጣ። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም ኖሮ ከበሩ እስከ ጠረጴዛዋ እያንጠባጠበ ገባ።

«አንተ! ወለሉን ልትቀባልኝ ነው የመጣኸው?»

«ሳሙና እኮ ነው። ቢያጸዳልሽ እንጂ ምን ያደርግሻል?»

«ምን እንደሚያደርግማ እኔ ነኝ የምነግርህ።»

ሳቀ። እንደ ሌላው ዓይኑን አልሰበረም፤ ቆሞ አያት። እሷም መወልወያ ጨርቅ ወረወረችለት። ተንበርክኮ ሲወለውል ማጅራቱን አየችው፤ ካየች በኋላም ዓይኗን ቶሎ አላነሳችም።

ከዚያ ወዲያማ የሚመጣበት ምክንያት አላጣም። «እሾሄ» ይላታል። ሌላ ሰው እንዲያ ቢላት ምላሱን ታሳጥርለት ነበር።

ምርመራው እንዲህ ነው። የውሃ ቁንጫ የምትባል፣ ዓይን ካላጠበቡ የማትታይ ፍጥረት አለች። ዓሣው የሚያድገው እሷን በልቶ ነው፤ እሷ ካለቀች ወንዙም አለቀለት። መርማሪዋ ኬሚካሉን በየብልቃጡ እያቀጠነች ቁንጫዎቹን ትለቅበታለች። በአንዱ ብልቃጥ ግን ከንጹህ ውሃ በቀር ምንም አይጨመርም። በዚያኛው ያሉት በሕይወት መዋኘት አለባቸው። እነሱ ከሞቱ የሌሎቹን ገዳይ ማን ያውቃል? ምርመራው ገደል ገባ ማለት ነው።

ከፋብሪካው በታች ወንዙ አረፋ ለብሶ ይወርዳል። ዳክዬዎቹ ከጠፉ ቆይተዋል። ውጤቱ መጥፎ ከሆነ ኬሚካሉ ይታገዳል፤ የአባቱም ፋብሪካ ጉሮሮው ተያዘ ማለት ነው። ሁለቱም ይህን ያውቃሉ፤ ሁለቱም አፋቸውን ሞልተው አያነሱትም።

ምርመራው በሚጀመርበት ዕለት ከፋብሪካው በላይ ካለው የወንዙ ክፍል ንጹህ ውሃ ልትቀዳ ወጣች። ስትመለስ በማጠቢያው ውስጥ ጥላቸው የሄደቻቸው ብልቃጦች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረው ያበራሉ። እሱ እጅጌውን ሰብስቦ እጁን ያደርቃል።

«ትንሽ እረፊ ብዬ ነው» አላት።

ለእሷ ሰው ዕቃ አጥቦላት አያውቅም። በምን እንዳጠበው ሳትጠይቅ ቁንጫዎቿን ለቀቀች።

በማግስቱ ስትመጣ ሁሉም ሞተዋል። በንጹሁ ውሃ ያሉትም ጭምር። ብልቃጡን አንስታ አሸተተችው፤ የዚያ ሳሙና የሎሚ ሽታ አፍንጫዋን መታት። እነዚያን ብልቃጦች ሳሙና አይነካቸውም! የላቦራቶሪው ሕግ ነው። አለቃዋ ደግሞ ከበሩ ሆኖ፣ «ከፋብሪካው ልጅ ጋር ስትሳሳቂ ያላየ የለም» ብሏት ሄደ። ደሟ ፈላ።

ልጁ እየሳቀ ገባ።

«በምንድን ነው ያጠብከው?»

«በሳሙና ነዋ። በምን ላጥብልሽ ታዲያ፣ በአሸዋ?»

«በማን ሳሙና?»

«በእኛ» አለ፤ ሳቁ ከፊቱ ረገፈ።

«አባትህ ነው የላከህ። ሌላ ቁንጫ እስካረባ ድረስ መርዛችሁን እየለቀቃችሁ ልትከርሙ! አንጀቴን በልተህ፣ ላሳርፍሽ ብለህ፣ አንተ አስመሳይ!»

«ሰው ለሚወዳት ሴት ዕቃ ቢያጥብ ወንጀል ሆነ? አረፋው እስኪጠፋ፣ እጄ እስኪላጥ ነው ያለቀለቅኩት!»

«ውጣልኝ!»

የፍቅር ቃል ከአፉ ሲወጣ ያ የመጀመሪያው ነበር። እሷም እንዳልሰማች ሆና በሩን ዘጋችበት።

ቤት ስትገባ ያሳደገቻት አክስቷ ፊቷን አይታ አስለፈለፈቻት፤ ሰምታም ሳቋን ለቀቀችው።

«ወንድ ልጅ ዕቃ አጠበልኝ ብለሽ ተጣላሽ? ጎረቤት እንዳይሰማ! ደግሞስ አላለቀለቀውም ነበር?»

«ያለቀለቀውማ አለቅልቆታል፣ እጁ እስኪ…»

ቃሉ አፏ ላይ ቀረ። እጁ እስኪላጥ። ታዲያ ከዚያ ሁሉ ውሃ በኋላ የቀረችው ርዝራዥ ከገደለች፣ ከፋብሪካው በቦይ የሚወርደው ምን ያደርጋል? ለመዝገብ የሚበቃ ማስረጃ አልነበረም፤ ለእሷ ግን በቃ። ቁጣዋ ከልጁ ላይ ተነስቶ ወደሚገባው ሰው ዞረ።

ጠዋት በቀጥታ ፋብሪካው ገባች። ሽርጡን ለብሶ ሳሙና ሲያማስል አገኘችውና የገባትን ነገረችው። ማማሰያውን ለቀቀው።

«አባቴ አያውቅም» አለ። «ቢያውቅ አይለቀውም። ነይ አሁኑኑ እንንገረው።»

አባትየው ቢሮ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ትልቅ የዓሣ ገንዳ ቆሟል፤ ቀያይ ዓሣዎች ይንሸራሸሩበታል። ሽማግሌው እስኪጨርሱ ሰማቸውና ፈገግ አለ።

«እሾህ የምትባዪው አንቺ ነሽ? ልጄ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም። ቤተሰብ ልንሆን ነው እኮ፣ ልጄ! ስለ ቁንጫ መጨቃጨቅ አያሳፍረንም?»

እሷ ግን ገንዳውን ነበር የምታየው። ከመደርደሪያው የሳሙናውን ጠርሙስ አነሳች።

«ጋሼ፣ የዓሣዎቹ መስታወት አረንጓዴ ለብሷል። በሳሙናዎ ትንሽ ልጠብልዎት?»

«እንዳትነኪ!»

ሽማግሌው ሲነሳ ወንበሩ ተገለበጠ። ዓሣዎቹ ይመላለሳሉ።

«ልጅ ሆኜ በሳሙና እጄ ገንዳውን ስነካ የመታኸኝ ለዚህ ነው?» አለ ልጁ ቀስ ብሎ።

«የዓሣ ነገር ሌላ ነው…»

«አባዬ፣ ታውቅ ነበር።»

«ባውቅስ? ወንዙ የእኔ ነው? ውሃ ነው፣ ይሄዳል!»

«ወደ ሰው ነው የሚሄደው» አለች እሷ። «ወደ ሰው ጓሮ፣ ወደ ሰው ጉሮሮ!»

ልጁ ሽርጡን ፈቶ የአባቱ ጠረጴዛ ላይ ጣለው። «ያንን ነገር በዚህ እጄ ዳግመኛ አልቀምምም» ብሎ ወጣ። ግቢው ውስጥ ደረሰችበት።

«ሰድቤሃለሁ» አለችው።

«ሰድበሽኛል።»

«ይቅርታ መጠየቅ አይሆንልኝም።»

«አውቃለሁ። ዝም ብለሽ አብረሽኝ ሂጂ።»

ዝም ብላ አብራው ሄደች።

ምርመራውን ሰው እንዳያማት ለባልደረባዋ አሳልፋ ሰጠች፤ እስኪያልቅ እሱም በላቦራቶሪው ደጃፍ እንዳያልፍ ከለከለችው። በንጹሁ ብልቃጥ ያሉት ቁንጫዎች ሲፈነጥዙ በኬሚካሉ ውስጥ ያሉት አልተንቀሳቀሱም። ኬሚካሉ ታገደ። አባትየው ልጁን አኩርፎ ቀረ፤ ያኩርፍ! የሚያፍር ሰው አኩርፎ አያውቅም።

ውጤቱ በወጣ ዕለት እሱ መጣ። ሳይጠየቅ እጅጌውን ሰብስቦ ማጠቢያው አጠገብ ቆመ፤ በውሃ ብቻ፣ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ያለቀልቅ ጀመር።

«ታገቢኛለሽ?» አላት፣ ፊቱን ሳያዞር።

ከእጁ ብልቃጡን ተቀበለችው። ወደ መስኮቱ አንስታ በብርሃኑ አየችው። አሸተተችው። ምንም አይሸትም።

«የቤታችንን ሳሙና የምገዛው ግን እኔ ነኝ» አለችው።