ነጩ ስኳር ከውጫሌ

ጦርነቱ አካባቢውን ለቆ ዋሲላ ከተፈናቀለችበት ወደ መንደሯ አርዲቦ ስትመለስ፣ ከአባቷ ቀፎዎች የተረፈው አንድ ብቻ ነበር። ሌሎቹ ማራቸው ተወስዶ ጓሮው ውስጥ ተሰባብረው ወድቀዋል። አባቷ የሞቱት እሷ ጅዳ ሰው ቤት ስትሠራ ነው፤ አፈር እንኳ አላለበሰቻቸውም። ያ ቀፎ ከእሳቸው የቀራት ነገር ነበር። ክረምቱ ገብቶ አበባ ሲጠፋ፣ ዝናቡም ንቦቹን ከቤት አላስወጣ ሲል፣ የሚበሉትን ፍለጋ ሐይቅ ከተማ ወጣች።

ስኳር እንደ መድኃኒት የሚፈለግበት ጊዜ ነበር። በስንት መከራ አንድ ሱቅ ውስጥ ቀላ ያለ ስኳር አገኘች። ባለሱቁ ሊመዝንላት ሲል ከኋላዋ የቆመ ወጣት ጣልቃ ገባ።

«እህቴ፣ ለሻይ ነው?»

«ለንብ ነው።»

«እንግዲያው ይቅርብሽ። ለሰው ምንም አይል። ንብ ግን በዝናብ ቤቷ ተዘግታ ስትከርም ቀዩ ስኳር ሆዷን ያበላሸዋል። ነጩን ነው የምትሰጫት።»

«ነጩ የታለ?»

«እኔ አመጣልሻለሁ፣ አብሽሪ።»

ዞር ብላ አየችው። ሸሚዙ ላይ የእንጨት ብናኝ አለ። ዓይኖቹ ሲያዩዋት ቶሎ አይሸሹም።

ጠሃ ይባላል፤ ቀፎ የሚሠራ አናጢ ነው። ሥራው አንዴ ሐይቅ፣ አንዴ አምባሰል፣ ውጫሌ ድረስ ያመላልሰዋል። በሳምንቱ ነጭ ስኳር ይዞ መጣ። በሙቅ ውሃ በጠበጡት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ፣ ንቦቹ እንዳይሰጥሙ ጭራሮ ጣል አድርገውበት በሳህን ቀፎው ውስጥ አኖሩት። ሳህኑን ሲያስገቡ እጆቻቸው ተነካኩ። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ያመጣ ጀመር፤ የስኳሩን ቀን ከንቦቹ ይበልጥ የምትጠብቀው ዋሲላ ሆነች።

ነገሩን ያመጣችው ጎረቤቷ ፈዲላ ናት፤ ከውጫሌ ገበያ ስትመለስ።

«ያን አናጢሽን አየሁት» አለቻት። «ኡሙሀኒ ሱቅ ቁጭ ብሎ ሻይ ይጠጣል። ቆንጆ ናት፣ ባሏን የፈታች። ስኳር ስንጠይቃት ለሁላችንም አልቋል ትላለች። ለጠሃ ግን አያልቅም።»

ዋሲላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን ከጥርሷ አላለፈም። ያላየቻትን ሴት በሐሳቧ ስትስላት ዋለች፤ ሻይ ስትቀዳለት፣ ስኳሩን ስታማስልለት፣ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ስትነግረው።

ጠሃ ሲመጣ በሩ ላይ ጠበቀችው።

«ስኳሩን ከማን ነው የምትገዛው?»

«ውጫሌ ካለች ነጋዴ።»

«ስም የላትም?»

ዓይኖቹ ለመጀመሪያ ጊዜ ሸሿት። «ኡሙሀኒ ትባላለች።»

«ምንህ ናት?»

«ምኔም አይደለችም፣ ወላሂ።»

«ታዲያ ለምን መሬት መሬት ታያለህ?»

መልስ በመስጠት ፈንታ የስኳሩን ፌስታል ዘረጋላት። ፌስታሉን መልሳ አስታቀፈችው።

«ንቦቼ የእሷን ስኳር አይበሉም። ሂድ።»

ሄደ። እሷም በእልህ ሐይቅ ወጥታ ያን ቀዩን ስኳር ገዛች፤ ለንቦቹም ሰጠች። ዝናቡ አላባራ አለ። ፀሐይ ብልጭ ባለ ቀን ልታያቸው ብትወጣ፣ የቀፎው ፊት በተቅማጥ ተዥጎርጉሯል፤ ንቦቹ መብረር አቅቷቸው ሣሩ ላይ ይድሃሉ። ተንበርክካ አንዷን በመዳፏ አነሳች። ክንፏን አራገበች፣ ከዚያ ተወችው።

ስልኳን አውጥታ የጠሃን ቁጥር ፈለገች። አልደወለችም። ጃንጥላዋን ይዛ ወደ ውጫሌ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፈረች።

ኡሙሀኒ ፈዲላ ካለችው በላይ ቆንጆ ነበረች። ይህ ዋሲላን አስከፋት፤ መንገዱን ሁሉ አስቀያሚ በሆነች ስትል ነበር የመጣችው።

«ነጭ ስኳር ፈልጌ ነበር» አለች።

«አልቋል።»

«ለንብ ነው።»

ኡሙሀኒ የያዘችውን ከረጢት አስቀመጠችና ከእግር እስከ ራሷ አየቻት። «ዋሲላ ማለት አንቺ ነሽ?»

«እሱ ነገረሽ?»

«ጠየቅሁት፣ ነገረኝ።» ድምጿ ዝግ አለ። «አግባኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ሴት ልጅ እንዲህ አትልም፤ እኔ ግን አልኩ። ልቤ ሌላ ቦታ ነው አለኝ። ስኳሩን ሳላቋርጥ የሰጠሁት፣ ሲመጣ እንኳ ልየው ብዬ ነው። አሁን መምጣቱም ቀረ።»

ዋሲላ ለጠብ ነበር የመጣችው። ስትቀናባት የከረመችው ሴት፣ ለካ እሷም ስትቀናባት ከርማለች።

«ንቦቹ የታመሙት በእኔ እልህ ነው» አለች። «የአባቴ ናቸው።»

ኡሙሀኒ ጓዳ ገብታ ነጭ ስኳር ይዛ ወጣች። ስትሰጣት ቀና ብላ አላየቻትም። «ለእሱ ብዬ አይደለም፤ ለንቦቹ ነው። ከእንግዲህ ግን አንቺም እሱም እዚህ አትምጡ።»

ዋሲላ ቤቷ ስትደርስ ጠሃ ጓሮው ውስጥ ነበር። ፈዲላ ደውላለት መጥቶ፣ ቀዩን ስኳር አውጥቶ ደፍቶ፣ ቀፎውን እያጸዳ ነው።

«ኡሙሀኒ ዘንድ ሄጄ ነበር» አለችው።

እጁ ቆመ። «ነገረችሽ?»

«አንተ ለምን አልነገርከኝም?»

«የሰው ገመና ነው፣ ዋሲላ። በእኔ አፍ ስሟ ገበያ እንዲወጣ አልፈለግሁም።»

ይህን ስትሰማ ኮራችበት። ለሌላ ሴት እንዲህ መጠንቀቁ ደግሞ ያንኑ ያህል አንገበገባት። ነጩን ስኳር ይዛ ውሃ ልታሞቅ ገባች።

ግማሾቹ ንቦች አለቁ፤ ንግሥቲቱ ግን ተረፈች። ነሐሴ ሊያልቅ ሲል በቆቦ በኩል ጦርነቱ እንደገና ተነሳ ተባለ። ሰው ሁሉ ዕቃውን ማሰር ሲጀምር፣ ጠሃ ሽማግሌ ላከ። ያለ ድግስ፣ በጎረቤት ፊት፣ ኒካሁ ታሰረ።

በማግስቱ ጠሃ ለሸክም የሚመች ትንሽ ቀፎ ሠርቶ ንቦቹን አዛወረላት።

«የአባትሽን ንቦች ጥለን አንሄድም» አላት። «ከሸሸን ይዘናቸው ነው የምንሸሸው።»

ዋሲላ እንባዋ መጣ። በመዳፏ ጠረገችው።

«በየት በኩል?» አለች።

«በደሴ ነዋ፣ በየት ይሆናል?»

«በውጫሌ በኩል እንዳይሆን ብዬ ነው።»

ጠሃ ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም።