ማርሽ በቀኝ፣ ፍሬን በግራ

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ባለው ባዶ ሜዳ ላይ አባቷ፣ አጎቷ፣ የአጎቷ ልጅ ቀጮ እና እሷ ነበሩ። ሁለቱ ሞተር ሳይክሎች ጎን ለጎን ቆመዋል። የአባቷ የእንግሊዝ ናት፣ የአጎቷ የጃፓን። ሁለቱም በፈረንጆቹ ሰባዎቹ ዓመታት የተሠሩ፣ ከእሷም ከቀጮም በብዙ የሚበልጡ ናቸው።

ከሁለቱ አንዷ ዛሬ ቦታዋን ልታጣ ነው። ወንድማማቾቹ የሚኖሩት በአንድ ግቢ ውስጥ ሲሆን፣ ሞተሮቹ የሚያድሩበት የቆርቆሮ መጠለያ ግማሹ ፈርሶ ለአያቷ ክፍል ሊሠራበት ነው። አሸዋው እንኳ መጥቶ ሜዳው ጫፍ ላይ ተከምሯል። የሚተርፈው ቦታ ለአንድ ሞተር ብቻ ነው የሚበቃው።

«ያንተዋ ዘይት ታንጠባጥባለች» አለ አጎቷ። ፀጉር አስተካካይ ስለሆነ ወሬ አያልቅበትም። «በቆመችበት ሁሉ ካርቶን ማንጠፍ አለብህ እኮ፤ እንደ ሕፃን ልጅ!»

«ያንተዋስ? ስትሄድ የልብስ ስፌት መኪና ነው የምትመስለው» አለ አባቷ። «የኔዋን ግን ገና ከሩቅ ሲሰሙ ማን እንደመጣ ያውቃሉ።»

«ጎረቤቱ በሙሉ ያውቃል እንጂ! ደግሞስ የኔዋ በአንድ አውራ ጣት ነው የምትነሳው። አንተ ያንተን ረግጠህ እስክታስነሳ እኔ ሁለት ራስ ላጭቼ እጨርሳለሁ።»

እንዲህ ሲባባሉ ነው የኖሩት። ስላልተስማሙም ቀጮ ሁለቱንም ነድቶ ይፍረድ ተባለ። ከልጆቹ መንዳት የሚችለው እሱ ብቻ ነዋ።

እዚህ ላይ ነው ቅናት የያዛት። አባቷ «ቡሎን» እያለ ይጠራታል፤ ከሞተሯ ሥር ስለማትጠፋ። የጎማዎቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ የምታጸዳው እሷ ናት። የጭስ ማውጫውን ማርሚታ ፊቷ እስኪታይበት የምትወለውለው እሷ ናት። ልንዳት ስትለው ግን መልሱ ሁልጊዜ «ስታድጊ» ነው። ቀጮ የሚበልጣት በጥቂት ወራት ብቻ ነው። እሱ ግን አድጓል። ዛሬማ ጥቁር መነጽር ሰክቶ መጥቷል፤ ዳኛው!

«ያንተዋን እስከ ዋናው መንገድ ልሞክራት» አለ አባቷ፣ ጃፓኗ ላይ እየወጣ። አጎቷና ቀጮ ወደ አጥሩ ራቅ ሲሉ ወደ እሷ ዞረ። «ቡሎን፣ አንቺ ለቀጮ የኛዋን አሳዪው። በተለይ የእግሩን ነገር። የኛዋ ማርሽ በቀኝ፣ ፍሬን በግራ ናት፤ የሱ እግር የለመደው ግልባጩን ነው።»

«የኛዋ» ማለቱ ደስ አላት። ደስታዋ ግን አልቆየም። አባቷ የራስ ቁሩን ለቀጮ ወረወረለትና «በርታ ጎበዝ! ከወደድካት ያንተም ናት» አለው። ከዚያ መነሻውን በአውራ ጣቱ ተጫነ፤ ጃፓኗ ምንም ሳታስቸግር ተነሳች፤ ሄደ።

ያንተም ናት? የመወልወያ ጨርቋን ጨምድዳ ወረወረችው።

ነዳጁ የት እንደሚከፈት አሳየችው። በግራ እጅ የሚያዘውን ፍሪሲዮን አሳየችው። ሊያስነሳት ደጋግሞ ረገጠ፤ እምቢ አለችው። እሷ ገፋ አድርጋው ሙሉ ክብደቷን ጥላ አንድ ጊዜ ስትረግጣት ሞተሯ አጓራች።

«ኧረ አንቺ ልጅ! እጅ ሰጥቻለሁ» አለ ቀጮ እየሳቀ። ከልቡ ነበር። ጥሩ ልጅ መሆኑ ደግሞ ይብስ አናደዳት።

«ማርሹስ?» አላት ሞተሯ ላይ ወጥቶ።

«ፍሪሲዮኑን ያዝ። እኔ አስገባልሃለሁ።» ዓይኑ ሜዳው ላይ ሳለ ተንበርክካ በቀኝ በኩል ያለውን ፔዳል በእጇ ወደ ላይ ሳበችው። «አንደኛ ገብቷል። በዚሁ አንድ ዙር ዙር። ሌላ ምንም አትንካ።»

«ሌላ ማወቅ ያለብኝ ነገር የለም?»

ጥያቄው ግልጽ ነበር። አፏ ውስጥ ያለው መልስም ግልጽ ነበር።

«የለም» አለች።

ቀጮ ቀስ ብሎ ተነሳ። ሜዳውን ግማሽ ያህል ሲዞር ሁሉም ነገር ደህና ነበር፤ እንዲያውም አምሮበታል። አጎቷ ከአጥሩ ሥር ሆኖ ያጨበጭባል። አሸዋው ጋ ሲደርስ ግን ለመታጠፍ ፍጥነቱን መቀነስ ፈለገ። ቀኝ እግሩ እንደለመደው ወረደ። ሞተሯ በመቆም ፈንታ ማርሽ ቀይራ ወደ ፊት ተፈተለከች።

«ቀጮ!» ብላ ጮኸች። ሩጫዋን የጀመረችው የፊት ጎማው አሸዋው ውስጥ ከገባ፣ ቀጮም በጎን ከተንከባለለ በኋላ ነው።

አጎቷ ቀድሟት ደረሰ። «ልጄን! ደህና ነህ?»

«ደህና ነኝ አባዬ» አለ ቀጮ፣ አሸዋ እየተፋ። «ፍሬን የላትም! ረገጥኩት፣ ረገጥኩት፣ ወይ ፍንክች!»

«አላልኩም?» አጎቷ እጁን ወደ ሰማይ ሰቀለ። «አላልኩም? ይቺ ሞተር ናት? የሬሳ ሳጥን ናት እንጂ!»

አባቷ ሲመለስ ያየው ይህንን ነበር። ጃፓኗን እንደነገሩ አቁሞ ሮጠ። ቀጮን ከላይ እስከ ታች ዳሰሰውና ወደ እሷ ዞረ። «ነግረሽዋል አይደል?»

እሷ አፏን ሳትከፍት ቀጮ ቀደማት። «ሁሉንም ነግራኛለች ጋሼ። ይቺ ልጅ አስተማሪ ነው የምትወጣው! ጥፋቱ የፍሬኑ ነው።»

አባቷ ሌላ አልጠየቀም። ሞተሯን ከአሸዋው አውጥቶ ተንበረከከ። ፍሬኑን በእጁ ተጫነው፣ ለቀቀው፣ ደግሞ ተጫነው። ዳዶውን ነካካ። ብረት የሚቀርጽ የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ እጁ ስቶ አያውቅም ይባልለታል።

«ትናንት ነበር ያጠበቅኩት» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ደህና የያዘ መስሎኝ ነበር።» ከዚያ ወንድሙን ቀና ብሎ አየው። «እጄ አርጅቷል። ልጅህን ልገድልብህ ነበር። መጠለያው ውስጥ ያንተዋ ትቅር፤ ይቺን ሁለተኛ አልነካትም።»

አጎቷ ጎንበስ ብሎ የልጁን ሱሪ ከአሸዋ አራገፈ።

አባቷ እጁን እንዲህ ሲያይ አይታው አታውቅም፤ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ገልበጥ አድርጎ ነው ያየው። ቀጮ ቅንድቡ ላይ አሸዋ ተጣብቆ፣ አይዞሽ በሚል ዓይን ያያታል። ዝም ብትል ማንም አያውቅም።

«ፍሬኑ ደህና ነው» አለች። አባቷ አልሰማትም፤ ጠጋ ብላ ደገመችው። «አባዬ፣ ፍሬኑ ደህና ነው። በግራ መሆኑን አልነገርኩትም።»

«ረስተሽ ነው?» አላት አባቷ ፈጥኖ።

አዎ ብትል እዚያው ላይ ያልቅ ነበር።

«አይ። እያወቅኩ ነው።»

የቀጮ ፈገግታ ጠፋ። «እንዴ… ለምን? ምን አደረግኩሽ?»

«ምንም። አንተ ትነዳታለህ፣ እኔ እወለውላታለሁ።»

አባቷ ተነስቶ የጉልበቱን አቧራ አራገፈ። አልተቆጣትም፤ ቢቆጣት ይሻላት ነበር።

ቀጮ ሞተሯ ላይ ተመልሶ ወጣ፤ በዚህኛው ጊዜ ያስረዳው አባቷ ራሱ ነው። ፍሬኑን በግራ እግሩ እየያዘ ሜዳውን ደጋግሞ ዞረ። ወርዶም የጃፓኗ ትሻላለች ብሎ ፈረደ። ሰኞ ዕለት የእንግሊዟ ሞተር አባቷ ወደሚሠራበት ቶርኖ ቤት ተወሰደች። አባቷ መሪዋን ያዘ፤ እሷ ከኋላ ገፋች።