ኮፍያ የለበሱት ፍላሾች

ጀልባዋ ድንጋዩን ስትመታ መጀመሪያ የጮኸው አጎት ነው፣ ደግሞ ለራሱ አይደለም የጮኸው፣ ለሳጥኑ ነው።

«ሳጥኑን ያዙት። እኔን ተዉኝ፣ ሳጥኑን።»

ወንዙ እዚያ ጋ ሁለት ገደል መሃል ገብቶ ይጠብባል፣ ውሃው እንደ ድስት ይንተከተካል፣ ንፋሱ ደግሞ ከፊት እየመጣ ፊታቸውን በጥፊ ይላቸዋል። አክስት በመቅዘፊያዋ ድንጋዩን ገፋች፣ ጀልባዋ ዞረች፣ ሳጥኑ ተንሸራቶ ጠርዝ ላይ ደረሰ፣ ልጅቷም ዘላ በሆዷ ተኛችበት። ሳጥኑ ተረፈ። ግን ክዳኑ ተከፍቶ ስለነበር አንደኛው የካሜራ ፍላሽ ወጥቶ ከቋጥኙ ጋር ተጋጨና ተመልሶ ጀልባዋ ውስጥ ወደቀ፣ ሌላው ደግሞ እስኪበቃው ውሃ ጠጣ።

«እኔ አይደለሁም» አለች ልጅቷ ወዲያው።

ምን ታድርግ፣ ለምዶባት ነው። ቤት ውስጥ ስሟ ሰባሪዋ ነው፣ ብርጭቆ በለው፣ መነጽር በለው፣ የበር እጀታ ሳይቀር እጇ ላይ ቀርቷል። አክስቷ ውሃ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ነው ስራዋ፣ ፍላሾቿን እንደ ዓይኗ ብሌን ነው የምታያቸው፣ ከቤት ሲወጡም «ከሩቅ ሆነሽ ውደጃቸው» ብላታለች።

ፍላሾቹ ደግሞ እንዴት እንደሚያሳሱ። አያት ናት በሱፍ ክር ኮፍያ የሰራችላቸው፣ ለአንዱ ቀይ፣ ለአንዱ ቢጫ፣ በመንገድ እንዳይጎዱ ብላ። ዓይኗ እየደከመ፣ ክሩን አፍንጫዋ ስር አስጠግታ፣ አንድ በአንድ።

መንገዱም ለእሷ ነው። ባሏ ወጣት ሆኖ ጀልባ ሰርቶ ነበር፣ በገዛ እጁ፣ እና «የጀልባዋ አፍንጫ ላይ ስምሽን ጽፌያለሁ» ብሏት ነበር። እሷ ሄዳ ሳታያት ጀልባዋ ላይኛው ሐይቅ ውስጥ ሰጠመች። እሷም እስኪሞት ድረስ፣ ከሞተም በኋላ፣ አላመነችውም። «ያ ሰውዬ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፣ ጀልባ ላይ ይጽፈዋል?» ትላለች። አሁን ግን ሐኪሙ ዓይኗ ብዙ አይቆይም አለ፣ እና አንድ ቀን ሰሃን እያጠበች፣ እንደ ቀልድ፣ «ባየው ደስ ይለኝ ነበር» አለች። በቃ። በማግስቱ ጀልባ ተጫነ። ዝናቡ ከጀመረ ሐይቁ ጭቃ ነው፣ ምንም አይታይም፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ዓይኗ አይጠብቅም።

ከገደሉ ሲወጡ ወንዙ ሰፋ፣ ዝም አለ፣ አሸዋው ላይ የተጋደመው ግንድ ደግሞ ተነሳና በእግሩ ሄደ። አዞ ነው። ውሃ ውስጥ ገብቶ ከጎን ከጎናቸው መጣ፣ ዓይኑ ብቻ።

«አትንቀሳቀሺ» አለች አክስት፣ እና የልጅቷን እጅ ያዘች።

«አክስቴ፣ እጄን እየሰበርሽው ነው።»

«ዝም በይ፣ እየፈራሁ ነው።»

አዞው ሰለቸውና ተወ። አክስት ግን እጇን አለቀቀችም፣ ሐይቁ እስኪታይ ድረስ።

ሐይቁ ጸጥ ያለ ነው፣ ዙሪያውን ጫካ፣ ከላይ ደግሞ ጥቁር ደመና ተሰብስቧል። ዳር ላይ ፍላሾቹን ፈተሹ። የቀዩ ኮፍያ ባለቤት የፊት መስታወቱ ተሰንጥቆ ውሃ ገብቶበታል፣ አይበራም። ልጅቷ እንክፈተው ስትል አክስት ከእጇ መንጠቅ ነው የቀራት።

«የፊቱን እንዳትነኪ። ጠፍቶም ኤሌክትሪክ ይዞ ይቆያል፣ ይመታሻል።»

ቢጫው ደህና ይመስላል፣ ግን እሱም አይበራም። አክስት ውሃ ውስጥ ስትነክረው ከባትሪው ክዳን ስር ትንንሽ አረፋ ወጣ፣ ቡልቅ ቡልቅ እያለ። ያኔ ነው ከወዲያ ማዶ የሞተር ድምፅ የመጣው። አሳ አጥማጆች፣ ትልቅ መረብ ይዘው። መረቡ ከተጎተተ ደለሉ ሁሉ ይነሳል።

«እኔ አዋራቸዋለሁ» አለ አጎት፣ ቀዘፈ።

አክስት የቢጫውን የባትሪ ክዳን ከፈተች። ሁለቴ ከጣቷ አመለጣት። ውሃው ፈሰሰ፣ የባትሪ ድንጋዮቹ ረጥበዋል፣ ብረቱ ላይ አረንጓዴ ነገር ጀምሯል። «ክዳኑ አልተሰነጠቀም። ታዲያ በምን ገባ?»

ልጅቷ አልነካችም። አጎንብሳ ብቻ አየች፣ ክዳኑን ዙሪያውን የምትዘጋውን ቀጭን ጎማ፣ እና ጎማዋ ላይ የተኛች አንዲት ቢጫ ክር።

አክስትም ጎንበስ ብላ አየቻት።

«ከኮፍያው ናት» አለች ልጅቷ።

«አዎ። ትናንት ድንጋይ ስቀይር ነው የገባችው፣ አላየኋትም።» አክስት ክሯን በጥፍሯ አነሳቻት፣ ልትጥላት አስባ ኪሷ ውስጥ ከተተቻት። «ይሄን ለእማዬ የነገራት ሰው በዋና ነው የሚመለሰው። አጎትሽም ቢሆን።»

ከዚያ ፍላሹን ወደ ልጅቷ ገፋ አደረገችው። «እጄ እምቢ ብሎኛል። አንቺ ስሪው።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ፣ አዞው?»

የቀዩ ባትሪ ቤት ከፊቱ የተለየ ነው፣ ውሃ አልደረሰበትም። ከእሱ ጎማዋን አወጣች፣ ድንጋዮቹንም። የቢጫውን ባትሪ ቤት በሸሚዟ ጫፍ አደረቀች፣ አረንጓዴውን በእርሳሷ ላጲስ እያሻሸች እያሻሸች አጠፋች፣ ብረቱ አበራ። ጎማዋን በጣቷ ዙሪያዋን ዳሰሰች፣ ክር የለም፣ ጸጉር የለም፣ አሸዋ የለም። ትንፋሿን ይዛ ዘጋች። ነከረችው። አረፋ አልወጣም። ተጫነችው፣ በራ። አክስት ግንባሯን ሳመቻት።

መሃል ላይ አጎት ጀልባውን ከመረቡ ፊት አቁሟል።

«ወንድሜ፣ ዞር በል» ይላል አሳ አጥማጁ።

«ዞር እላለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅህ። እናት አለችህ?»

«አለች። ምን አገባህ?»

«የኔዋ ዓይኗ እየሄደ ነው። እዚህ ታች አባቴ የጻፈላት ነገር አለ።»

ሰውየው ውሃውን አየ፣ ደመናውን አየ፣ ሞተሩን አጠፋ። «ቶሎ በሉ» አለ። አጎት ተመልሶ ሁለቱን ከዳር አመጣቸው።

አንድ ፍላሽ ብቻ ከፊት ካበራ ውሃው ውስጥ ያለው ብናኝ ሁሉ ነጭ ሆኖ ፎቶውን ይሸፍነዋል። ከጎን፣ ራቅ ብሎ መያዝ አለበት። ፍላሹ የካሜራውን ትንሽ ብልጭታ ሲያይ እሱም አብሮ ይበራል። ስለዚህ ልጅቷ ትንፋሿን ስባ ከአክስቷ ጋር ወረደች፣ ፍላሹን እንደ ሕፃን ታቅፋ። ውሃው አረንጓዴ ነው፣ ከዚያ ጥቁር። የጀልባዋ አፍንጫ ከጭቃው ወጥታ ትታያለች። ጽሑፉን ልትዳስሰው እጇ ሄዶ ነበር፣ ጭቃው እንዳይነሳ ብላ መለሰችው። ክንዷን ዘረጋች። በራ። አንዴ፣ ደግሞ አንዴ። ከላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሐይቁን ጠብ ጠብ ሲያደርገው ሰማችው።

ቤት ሲደርሱ አያት በሩ ላይ ነበረች። መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ ኮፍያዎቹ ነው።

«ጠቀሟቸው?»

«በጣም» አለች አክስት። «የመጨረሻውን ፎቶ ያበራችው ደግሞ ይቺ ናት። ፍላሹንም የሰራችው እሷ ናት።»

«ሰባሪዋ?»

«ከዛሬ ጀምሮ እንደሱ የሚላት የለም።»

ፎቶውን በትልቁ አሳትመው መስኮቱ ጋ ብርሃን ላይ አስቀመጡላት። አያት ፊቷን አስጠጋች፣ አፍንጫዋ ወረቀቱን እስኪነካ። እንጨቱ በስብሷል፣ ቀለሙ ግን አለ፣ ነጭ፣ ጠማማ፣ የሰውየው እጅ ጽሑፍ። ስሟ አይደለም። እድሜውን ሙሉ ከጓሮ፣ ከመንገድ፣ ከአልጋው ሲጠራት የኖረበት ነው፣ ሁለት ፊደል ብቻ።

«ስሚ» ይላል።

አያት በጣቷ ሄደችበት፣ ቀስ ብላ፣ ሁለቱንም ፊደል። 

«አቤት» አለች።