ሰሌዳው ላይ ቀይ አልነበረም

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ኢንጂነር ከሰርቨር መደርደሪያው ሥር በግንባሩ እንደተደፋ ነበር። አንድ እጁ ወደ በሩ ተዘርግቷል፤ አቧራ መንፊያው አጠገቡ ወድቋል። ክፍሉ ውስጥ የተቃጠለ ነገር የለም። እሳት ለማፈን የተገጠመው ጋዝ ግን ተሟጦ ወጥቷል።

ሰውየው ዕድሜው አርባ አንድ ነው። መሥሪያ ቤቱ በወጣት የተሞላ ስለሆነ «ሽማግሌው» ይሉት ነበር።

ምክትል ሥራ አስኪያጁ መግለጫ ይዞ ጠበቃት። አስከሬኑ ከተገኘ ሁለት ሰዓት አልሞላም፤ መግለጫው ግን ማኅተም ሳይቀር ተመቶበታል።

«የባለሙያ ስህተት ነው» አለ በለሰለሰ ድምፅ። «ሰው ሲገባ ጋዙ በቁልፍ መዘጋት አለበት፤ አልዘጉትም። አቧራው ሲቦን መሣሪያው ጭስ መሰለውና ጋዙን ለቀቀ፤ ሰውየው አየር አጥቶ ታፈነ። በሩን መጨረሻ የከፈተችው ጀማሪዋ ኢንጂነር ናት፤ ካርዷ ይመሰክራል።»

«የማስጠንቀቂያ ደወል አልጮኸም?»

«ደወሉ ተጠግኗል።»

«ተጠግኗል?» አለች ጀማሪዋ። ኮሪደሩ ላይ ቆማለች፤ ሊወስዳት የተዘጋጀ ፖሊስ አጠገቧ አለ። «ስድስት ወር ሙሉ ለመንን! ቅጽ ሙሉ፣ ፊርማ አምጡ፣ እንደገና ሙሉ፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ! በመጨረሻ አዳራሹ ባለው የኮምፒውተር ሰሌዳ ላይ ‹ተጠናቋል› ብለው ጻፉበት። ደወሉን ግን የነካው የለም።»

«አንቺ ለምን ገባሽ?» አለቻት መርማሪዋ።

«መንፊያውን ላቀብለው። ሁለት ሰዓት ከሃያ ነበር። ‹ጋሼ፣ ጋዙን ዘግተኸዋል?› አልኩት። ኪሱን መታ መታ አደረገና ‹አንቺ ልጅ፣ ከእናቴ ብሰሽ ልትጨነቂልኝ ነው?› ብሎ ሳቀብኝ። በሩ ላይም ማስጠንቀቂያ ለጥፎ ነበር።»

«አሁን የለም።»

«እሱን እኮ ነው የምለው! የሚሰማኝ ጠፋ እንጂ።»

መርማሪዋ በሩን ቀርባ አየችው። ሁለት ቁራጭ ቢጫ ፕላስተር ተጣብቆ ቀርቷል፤ በእያንዳንዱ ላይ የተቀደደ የወረቀት ጥግ አለ። ከበሩ ጎን፣ በውጭ በኩል፣ የጋዙ መቆጣጠሪያ ላይ ቁልፍ ተሰክቷል፤ ቁጥር ሁለት ይላል። ከሟቹ ኪስ የወጣው ደግሞ ቁጥር አንድ ነው። ቁጥር ሁለትን ዘግታ ነቀለችውና ቁጥር አንድን ሰክታ ሞከረችው። ሲዘጋ ቁልፉ ይነቀላል፤ ሲከፈት መሣሪያው ውስጥ ይያዛል። ደግማ ሞከረች። ያው ነው።

ሥራ አስኪያጁን ቢሮው አገኘችው። የድምፁ ጉልበት መስታወት ያንቀጠቅጣል።

«አዳራሹ ውስጥ ያለው ትልቁ ሰሌዳ፣ ጋዙ ሲዘጋ ምን ያሳያል?»

«ቀይ ሳጥን፤ ሁሉ ደህና ሲሆን አረንጓዴ። ዛሬ ሦስት ሰዓት ላይ ትልልቅ ደንበኞች ይመጡብኝ ነበር። ማልጄ ሠራተኛውን ሰብስቤ፣ አንዲት ቀይ ባይ ወዮላችሁ ብያለሁ!»

«ቀይ ሲያዩ ከየት እንደመጣ ይጠይቃሉ?»

«እኔ የማየው ቀለሙን ነው። ዝርዝሩ የነሱ ነው።»

«የጋዙ ሁለተኛ ቁልፍስ?»

«ያውና፣ ሚስማሩ ላይ…» ሚስማሩ ባዶ ነበር።

«እዚህ ቢሮ ማን ይገባል?»

«እኔና ምክትሌ ብቻ።»

ከዚያ፣ የሞተ ሰው የሌለ ይመስል፣ ስልኩን አውጥቶ ከደንበኞቹ ጋር የተነሳውን ፎቶ አሳያት። እሱ መድረክ ላይ ቆሞ ንግግር ያነባል፤ ከኋላው ሰሌዳው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። መርማሪዋ ፎቶውን አጎላችው።

«ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰብስቡልኝ» አለች።

ሥራ አስኪያጁ፣ ምክትሉና ጀማሪዋ ሰሌዳው ሥር ተቀመጡ። ፖሊሱ ከጀማሪዋ ጎን አልተለየም።

«ቁጥር አንድ ሟቹ ኪስ ውስጥ ነበር» አለች መርማሪዋ። «ቁልፉ ካልተዘጋ አይነቀልም። ስለዚህ ሽማግሌው ጋዙን ዘግቶ ነው የገባው፤ እሱም አልተሳሳተም፣ ይህችም ልጅ አልተሳሳተችም። እሱ ውስጥ እያለ ሰሌዳው ላይ ቀይ ሳጥን መኖር ነበረበት። በፎቶው ላይ ግን የለም። አንድ ሰው ከሥራ አስኪያጁ ቢሮ ቁጥር ሁለትን አምጥቶ ጋዙን መልሶ ከፍቷል።»

«ሰው መኖሩን ሳያውቅ ይሆናላ» አለ ምክትሉ።

«ይሆናል። እስኪ ልጠይቅ፣ ንግግሩን ማን ጻፈው?»

«እሱ ነዋ፣ በእጁ» አለ ሥራ አስኪያጁ ወደ ምክትሉ እያመለከተ። «አዲስ ወረቀት እንዳይባክን መመሪያ አውጥቻለሁ። የተጻፈበት ወረቀት ጀርባ ላይ ነው የምንጽፈው።»

መርማሪዋ የጎላውን ፎቶ አነሳችው። ወደ ካሜራው በዞረው የንግግሩ ጀርባ ላይ፣ በወፍራም ቀይ ቀለም «ሰው ውስጥ አለ። ቁልፉን አትንኩ» ይላል። ሁለት ጥጎቹ ተቀድደዋል።

ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ከኮቱ ኪስ አውጥቶ ለመጀመሪያ ጊዜ ገለበጠው። ለመርማሪዋ አቀበላት።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አለች መርማሪዋ፣ የበሩን ቁራጮች ከጥጎቹ ጋር እየገጠመች። «ይህን ከበሩ የነቀለው ሰው ጽሑፉን ማየቱ አይቀርም። የንግግሩ እጅ ጽሕፈት ደግሞ የምክትሉ ነው። ከዚያ የባለሙያ ስህተት ብሎ መግለጫ አወጣ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን።»

ምክትሉ መሬት መሬቱን ያያል። «ፎቶው እስኪነሳ ነበር፤ አሥር ደቂቃ። እመልሰዋለሁ ብዬ… እንግዶቹ ሻይ ብለው ያዙኝ። አለቃዬ ቀዩን ቢያይ በሰው ፊት ያዋርደኛል። በየሳምንቱ እኮ ነው የሚያዋርደኝ!»

«እኔ ሰው ግደል አልኩህ?»

«አላሉትም» አለች መርማሪዋ። «ያሉት ቀይ አልፈልግም ነው።»

ፖሊሱ ከጀማሪዋ ጎን ተነስቶ ወደ ምክትሉ ሄደ። ጀማሪዋ አላለቀሰችም፤ ሰሌዳውን ቀና ብላ አየችው። ጋዙ አልቋል፣ ደወሉ አይሠራም፣ ሽማግሌው ሞቷል፤ ሰሌዳው ግን እስካሁን ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ነው። ሰሌዳውን የሚያዘው ኮምፒውተር ጋ ተቀምጣ ጻፈች። መጀመሪያ የጋዙ ሳጥን ቀላ። ቀጥሎ የደወሉ። አላቆመችም፤ «ተጠናቋል» ተብለው የተዘጉትን ሁሉ አንድ በአንድ ከፈተቻቸው፤ ቀዩ ረድፍ በረድፍ ወረደ።

«ይሄን ቀይ ማን…» ብሎ ሥራ አስኪያጁ ከልማዱ ጀመረ።

ጀማሪዋ መጻፏን አላቆመችም።