የፋሲካ መክፈቻው ሸክላ

ጾም ሊገደፍ ሲል ሬሳ ተገኘ። የቢቸናው ጠጅ ነጋዴ የሻው በገዛ ቤቱ ዘነዘና ራሱን ተመትቶ፣ ሸክላ ማጫወቻው ሥር ተዘርግቷል። ያገኘችው ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰች ሚስቱ ፋንታነሽ ናት። ምን ያለ ፋሲካ ነው እቴ።

መቶ አለቃ ባዘዘው ቄጠማውን ከግንባሩ ሳይፈታ መጣ። ትንሽ ተናግሮ ብዙ የሚያይ ሰው ነው። ወለሉ በተሰባበረ ሸክላ ተሞልቷል፤ አንዱ ብቻ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። ጠረጴዛው ላይ ከተገለበጠ ብርሌ አጠገብ ሽምብራ በሁለት ተለይቷል፤ ወዲህ የጥሬ ክምር፣ ወዲያ አንዲት ቆሎ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ምርጫ ነው ጌታዬ» አለች ፋንታነሽ። «በሁዳዴ ዘፈን የለም። ደንበኛ ከሚቆረጥመው ቆሎ አንዳንድ ሽምብራ ለወደደው ሸክላ በተመደበው ብርሌ ውስጥ ይጥላል። ብዙ ያገኘው ፋሲካን ይከፍታል። ሰባት ዓመት ሙሉ ያሸነፈው የአዝማሪው የገላው ሸክላ ነው፤ ያ የተጠቀለለው። ይህም የእሱ ብርሌ ነው።»

ዘፈኑ ከባሏ ስለኮበለለች የሞጣ ሴት ነው። ሴትየዋ ስሜነሽ መሆኗን የማያውቅ የለም። ማታ ከጠጅ ቤቱ እያለቀሰች ስትወጣ ስለታየች ጎረቤቱ አስቀድሞ ይዟታል።

«ለመንኩት እንጂ አልገደልኩትም» አለች። «ጥሎኝ የሄደው ባሌ ነው፤ ዘፈኑ ግን እኔን ኮብላይ አለኝ። በእሱ ምክንያት የልጄ የፅጌረዳ ጋብቻ ሁለት ጊዜ ፈረሰ። አሁን ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ልድራት ነው። የሙሽራው አባት ፋሲካን እዚህ ወንድሙ ዘንድ ሊውል መጥቷል። የዘንድሮን ብቻ ተውልኝ ብዬ የሻው እግር ላይ ብወድቅ፣ ‹ሕዝብ መረጠው፣ ምን ላድርግ› አለኝ። መቶ አለቃ፣ ታስሬ ካዩኝ ልጄ አለቀላት። እባክዎን።»

ገላው ድምፁ የነጠፈ አዝማሪ ነው፤ የሚያድረው በጠጅ ቤቱ ጓዳ ነው።

«እኔ የሻውን ልገድል?» አለ። «የሚያበላኝ እሱ፣ ከሰው የሚቆጥረኝ ያ ሸክላ። በማን ልኖር ነው? ማታ ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ።»

እውነትም፣ ያጎረሰ እጅ ይነከሳል? ይነከሳል እንጂ፤ ስንቱን አይተናል።

ባዘዘው ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ አቆማቸው። በመስኮቱ የሙሽራው አባት በቅሎውን ሲያስጭን ይታያል፤ ወሬው ደርሶታል። ስሜነሽ ዓይኗን ከእሱ መንቀል አቃታት።

«ከክምሩ ይቅመሱ» አላት ፋንታነሽን።

«ጥሬ ነው።»

«ለደንበኛ ጥሬ ያቀርባሉ?»

«ኧረ ምን ነክቶኝ።»

«እንግዲህ ከጎታ ዘግኖ ብርሌውን በጥሬ የሞላው የቤቱ ሰው ነው።»

ፋንታነሽ አንገቷን ደፋች። «የሻው ነው። በወጣትነቱ ለስሜነሽ ሽማግሌ ልኮ እንቢ ተብሏል። ቂሙን በየፋሲካው ያዘፍነዋል። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

«እርስዎ ካወቁ ሽምብራ መለየት አያስፈልግዎትም። ወይዘሮ ስሜነሽ ገብተው ቢሆን ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚሰብሩት የገላውን ሸክላ ነበር። ገዳዩ ግን ጥሬውን ከቆሎው ለቅሞ ለየ። ስንት ሰው በእውነት እንደመረጠው ማወቅ የቸገረው ሰው ነው። የሻው ደረሰበት፤ ተያያዙ፤ ሌላው ሸክላ በግብግቡ ተሰበረ። የሞተውን ሰው ተሻግሮ ግን ይህን ሸክላ አንስቶ ጠቀለለው።»

ባዘዘው ሸክላውን ከጨርቁ አወጣና ሊፈጠፍጠው እጁን ከፍ አደረገ። ክንዱን የያዘው ገላው ነበር።

«አይስበሩት» አለ፣ በዚያ በነጠፈ ድምፁ። «‹አንተን ማን ያስታውስሃል፤ በጥሬ ያኖርኩህ እኔ ነኝ› ብሎ ሳቀብኝ። ሰባት ዓመት ሰው ወደደኝ ብዬ ነው የኖርኩት።»

ስሜነሽ የሚቀጥለውን አልሰማችም። ነጠላዋን እየጎተተች ወደ በቅሎው ሮጠች። ሰውዬው እርካብ ላይ ያነሳውን እግሩን መልሶ መሬት ሲያሳርፍ ባዘዘው በመስኮቱ አየ።

ገላው ሁለት እጁን አንድ ላይ ለገመድ ዘረጋ። ባሏን የገደለባት ቢሆንም ፋንታነሽ አንጀቷ አልቻለም።

«አንዲቷስ ቆሎ? አንድ ሰው እንኳ መርጦሃል» አለችው።

«እሷን የጣልኩ እኔ ነኝ» አለ።